የአባቴ ዓይንና የሌንሱ ምርጫ

አባቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። በደብረ ብርሃን ገበያ አጠገብ ባለች አንዲት ጠባብ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው አርባ ዓመት ያህል ሠርተዋል። እኔን ከፊደል ጀምሮ እስከ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረችኝ ያች መኪና ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከሁለት ዓመት በፊት ለክረምት ዕረፍት ወደ ቤት በተመለስሁ ጊዜ፣ አባቴ በመንገድ የሚያልፍ አንድ ትንሽ ልጅ ጠርተው «ና እስቲ የኔ ልጅ፣ ይህችን ክር አግባልኝ» ሲሉት አየሁ። ልጁም የክሩን ጫፍ በምራቁ አርጥቦ በመርፌዋ ቀዳዳ አሳለፈላቸውና ሮጠ። አባቴ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ መኪናቸውን መርገጥ ቀጠሉ።

በዚያው ሰሞን ሌላም ነገር ሰማሁ። አባቴ ከድሮ ጎረቤታችን ከእህል ነጋዴው ጋር ተኳርፈዋል አሉኝ። በምን እንደ ተጣሉ ብጠይቅ የሚያውቅ አላገኘሁም። እናቴም «እኔም አልገባኝ፤ ሰውየው ቤታችን መምጣቱን ተወ» ከማለት በቀር የሚነግሩኝ አልነበራቸውም።

እነዚህ ሁለት ነገሮች፣ ማለት የመርፌው ቀዳዳና የጎረቤቱ ኩርፊያ፣ ከአንድ ምንጭ የመጡ መሆናቸውን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ምንጩም የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነበረ።

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ተማሪዎችና የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች መካከል የአብዛኞቹ ዓይን ዛሬ ጤነኛ እንደሚሆን አምናለሁ። ነገር ግን ወላጅ የሌለው፣ አያት ወይም አክስት የሌለው ሰው የለም። በቤተ ሰቡ ውስጥ ፊደል የቆጠረው፣ ከሐኪም ጋር የሚነጋገረውና ገንዘቡን የሚያፈላልገውም ብዙ ጊዜ ወጣቱ ነው። ስለዚህ ከዕለታት አንድ ቀን ሐኪም «ለአባትህ የትኛው ሌንስ ይግባላቸው?» ብሎ ቢጠይቃችሁ ምን ብላችሁ እንደምትመልሱ አስቀድማችሁ ብታስቡበት መልካም ነው። እኔ ሳላስብበት ሄጄ ልሳሳት ጥቂት ቀርቶኝ ነበርና።

ሞራው ያለው የት ነው?

«ሞራ» የሚለው ስም ብዙ ሰው ያሳስታል። በበሬ ሆድ ዕቃ ላይ እንደምናየው ሞራ አንድ ስስ ነገር ከውጭ መጥቶ ዓይንን የሸፈነ ይመስለናል፤ ስለዚህም በጠብታ የሚታጠብ ወይም በቅጠል የሚጠረግ አድርገን እናስበዋለን። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ግርዶሹ የሚፈጠረው በዓይን ውስጥ፣ ከብሌኑ በስተኋላ፣ በተፈጥሮ በተሰጠን ሌንስ ውስጥ ነው። «ሌንስ» የሚለው ቃል በላቲን ቋንቋ ምስር ማለት ነው፤ ቅርጹም በእርግጥ የምስር ፍሬ ይመስላል። ስፋቱ ከ9 እስከ 10 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 4 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን፣ በአንዲት ስስ ከረጢት ውስጥ ተቀምጧል። የተሠራውም ከውሃና ከፕሮቲን ነው።

ሰው ወጣት ሳለ ይህ ፕሮቲን በሥርዓት ስለ ተደረደረ ብርሃን ሳይከለከል ያልፍበታል። ዕድሜ ሲገፋ ግን ፕሮቲኑ እየተያያዘ ይደፈርሳል። ጥሬ እንቁላል በጋለ ምጣድ ላይ ሲሰበር ጥርት ያለው ክፍል እንዴት እንደሚነጣ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። የተጠበሰውን እንቁላል ወደ ጥሬነቱ የሚመልስ ጠብታ እንደሌለ ሁሉ፣ የደፈረሰውንም ሌንስ የሚያጠራ መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። ያለው መፍትሔ የደፈረሰውን አውጥቶ ሌላ መተካት ብቻ ነው።

ዋናው ምክንያት ዕድሜ ይሁን እንጂ የስኳር በሽታ፣ በዓይን ላይ የደረሰ ጉዳት፣ እንደ ኮርቲዞን ያሉትን መድኃኒቶች ለብዙ ጊዜ መውሰድ፣ ትምባሆ ማጤስና ብርቱ የፀሐይ ጨረር ነገሩን ያፋጥኑታል። ከግርዶሹ ጋር የሚወለዱ ሕፃናትም አሉ። በአገራችን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 እና በ2006 በተካሄደው የዓይን ጤና ጥናት ከመቶው ሕዝብ 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቶ ነበር፤ ከእነዚህም የግማሾቹ ያህል ምክንያት ይኸው ሞራ ነበረ። ይህም ማለት ካጠገባቸው ሐኪምና ሌንስ ቢገኝ ኖሮ አብዛኞቹ ሊያዩ ይችሉ የነበሩ ሰዎች ናቸው ማለት ነው።

በሽታው ሲጀምር ያታልላል። አባቴ ሕመሙ ከመታወቁ ከጥቂት ዓመት በፊት የማንበቢያ መነጽራቸውን ጥለው በባዶ ዓይናቸው ዳዊት ማንበብ ጀምረው ነበር። ቤተ ሰቡ ሁሉ «ዓይናቸው ታደሰላቸው» ብሎ ተደሰተ። የሌንሱ መካከል እየጠነከረ ሲሄድ የቅርቡን አጉልቶ የሩቁን የሚያደበዝዝ መሆኑን ያወቅነው ኋላ ነው። ይህ መታደስ አይደለም፤ የግርዶሹ መጀመሪያ ነው። እንዲያ ያለው ደስታ ደግሞ ብዙ አይቆይም፤ ትንሽ ቆይቶ ቅርቡም ሩቁም አብሮ ይጨልማል።

አንድ ተማሪ የጠየቀው ጥያቄ

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በጥንት ዘመን በሕንድም፣ በዓረብ አገሮችም፣ በአውሮፓም የነበረው ሕክምና የደፈረሰውን ሌንስ በመርፌ ገፍቶ ወደ ዓይን ውስጥ ማስመጥ ነበር። ለጊዜው ብርሃን ይገባል፤ ነገር ግን የሰመጠው ሌንስ ብዙ ጊዜ ዓይኑን ያስቆጣውና ጨርሶ ያጠፋዋል። ዣክ ዳቪየል የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በ1747 ሌንሱን ከዓይን ማውጣት ጀመረ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ይሁን እንጂ ሌንሱ የወጣለት ሰው እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ መነጽር ካላደረገ በቀር አጥርቶ ማየት አይችልም ነበር፤ መነጽሩም ነገሩን ሁሉ ከልኩ በላይ ስለሚያጎላበት ደረጃ ሲወርድና ውሃ ሲቀዳ ይሳሳታል።

ሐኪሞች ለሁለት መቶ ዓመት በዚህ ሲሠሩ ቆዩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሃሮልድ ሪድሊ የተባለ እንግሊዛዊ የዓይን ሐኪም የቆሰሉ አውሮፕላን ነጂዎችን ያክም ነበር። የአውሮፕላኑ መስኮት በጥይት ሲሰበር ስባሪው ወደ ነጂዎቹ ዓይን ይገባል። መስኮቱ የተሠራው ፐርስፔክስ ከተባለ ጠንካራ ፕላስቲክ ነበርና፣ ስባሪው በዓይን ውስጥ ለዓመታት ሲቀመጥ ዓይኑን እንደማያስቆጣው ሪድሊ አስተዋለ። ከጦርነቱ በኋላ አንድ ቀን ሞራ ሲያወጣ ቆሞ ይመለከት የነበረ የሕክምና ተማሪ፣ የወጣው ሌንስ በሌላ የማይተካው ለምን እንደሆነ ጠየቀው። ሐሳቡ ቀድሞም በሪድሊ ልብ ውስጥ ነበረ ይባላል፤ የተማሪው ጥያቄ ግን ወደ ሥራ ገፋው። ኅዳር 29 ቀን 1949 በሎንዶን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ከዚያው ፕላስቲክ የተሠራውን ሌንስ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ዓይን ውስጥ አስገባ።

ብዙ የሙያ ጓደኞቹ ተቃወሙት። «የሐኪም ሥራ ባዕድ ነገር ከዓይን ማውጣት ነው እንጂ ማስገባት አይደለም» የሚል ክርክር ተነሣ። ነገሩ ተቀባይነት ያገኘው ቀስ በቀስ ነው፤ በአሜሪካ መንግሥት የተፈቀደውም በ1981 ነበር። ሪድሊ ግን ዕድሜ ሰጥቶት ይህን ሁሉ አየ። ኋላም በሸመገለ ጊዜ በራሱ ሁለት ዓይኖች ውስጥ ያንኑ የፈጠረውን ዓይነት ሌንስ አስገብተውለት፣ በ2000 የክብር ማዕረግ ከተቀበለ በኋላ በ2001 በ94 ዓመቱ ሞተ።

ሌሎችም ሥራውን አሻሻሉት። ቻርልስ ኬልማን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ጥርስ የሚጸዳበትን በድምፅ ሞገድ የሚሠራ መሣሪያ አይቶ፣ በ1967 የደፈረሰውን ሌንስ በዚህ ሞገድ ሰባብሮ በትንሽ ቀዳዳ መምጠጥን አስጀመረ። ሳንዱክ ሩይት የተባለው ኔፓላዊ ሐኪም ደግሞ ውድ መሣሪያ ሳያስፈልግ፣ ስፌትም ሳይኖረው፣ በትንሽ ቀዳዳ ሞራን የማውጣት ዘዴን ለድኾች አገሮች አስፋፋ። በ1990ዎቹ በካትማንዱ ሌንስ የሚሠራ ፋብሪካ ሲቋቋም፣ ቀድሞ ከመቶ ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረው ሌንስ በጥቂት ዶላር የሚገኝ ሆነ። በዚያው ዘመን ፍሬድ ሆሎውስ በተባለው አውስትራልያዊ ሐኪም ስም የተቋቋመው ድርጅት በጎረቤታችን በአሥመራም እንዲህ ያለ ፋብሪካ አስከፍቶ ነበር።

ልኩ እንዴት ይታወቃል?

የሪድሊ የመጀመሪያዋ ታካሚ ሕክምናው ቢሳካላትም የገባላት ሌንስ ከልክ በላይ ኃይለኛ ስለ ነበረ የሩቁን አጥርታ ማየት አልቻለችም። ዛሬ ይህ ስሕተት እንዳይደርስ ዓይኑ አስቀድሞ ይለካል። አባቴ ይህን ሲሰሙ «እንደ ሱሪ ማለት ነው» አሉ፤ እውነታቸውን ነው።

የሚለካውም በተለይ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የዓይን ርዝመት ከፊት እስከ ኋላ ነው፤ የአዋቂ ሰው ብዙውን ጊዜ ከ23 እስከ 24 ሚሊሜትር ይሆናል። ሁለተኛው የዓይን የፊት መስታወት ጉብታ ነው። ከእነዚህ በሒሳብ የሌንሱ ኃይል ይወጣል፤ መለኪያውም ዳዮፕተር ይባላል። በርዝመቱ ላይ የአንድ ሚሊሜትር ስሕተት ቢገኝ ከሁለት ዳዮፕተር በላይ ልዩነት ያመጣል። ስለዚህ ልኬቱ ሲካሄድ በትዕግሥት መቀመጥና ሳይንቀሳቀሱ መቆየት የታካሚው ድርሻ ነው።

ምርጫው ምንድን ነው?

ሰው ሠራሹ ሌንስ እንደ ወጣት ዓይን ሌንስ ከቅርብ ወደ ሩቅ፣ ከሩቅ ወደ ቅርብ ራሱን አይለዋውጥም። ስለዚህ አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል።

አንደኛው ዓይነት ለአንድ ርቀት ብቻ የተስተካከለ ሌንስ ነው። ብዙ ጊዜ ለሩቅ ይስተካከላል፤ ታካሚው ለማንበብና ለመስፋት መነጽር ያደርጋል። ለቅርብ እንዲስተካከልም ማድረግ ይቻላል፤ ያን ጊዜ መነጽሩ ለመንገድ ይሆናል። ይህ ሌንስ ዋጋው ከሌሎቹ ይቀላል፤ በዓለም ላይም በብዛት የሚሠራበት እርሱ ነው።

ሁለተኛው ብርሃኑን ከፋፍሎ ለሩቅም ለቅርብም የሚያካፍል ሌንስ ነው። በዚህ ከመነጽር መገላገል የሚቻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ነገር ግን የተካፈለ ብርሃን ያነሰ ብርሃን ነውና፣ አንዳንዶች በሌሊት በመብራት ዙሪያ ቀለበት ይታያቸዋል፤ በድንግዝግዝ ጊዜም ነገሮች ደብዘዝ ይሉባቸዋል። ግላኮማ ላለበት፣ ወይም የስኳር በሽታ የዓይኑን የኋላ ግድግዳ ለነካበት ሰው ብዙውን ጊዜ አይመከርም።

ሦስተኛው የፊት መስታወታቸው ክብነት ለተዛባ ሰዎች የሚሆን፣ ያንን መዛባት የሚያርም ሌንስ ነው። መዛባቱ የሌለበት ሰው ቢገዛው ጥቅም አያገኝበትም።

ከዚህም ሌላ ሌንሶች በተሠሩበት ነገር ይለያያሉ። ጠንካራው ስለማይታጠፍ ሰፋ ያለ መግቢያ ይፈልጋል፤ ለስላሳው ታጥፎ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር በምትሆን ቀዳዳ ገብቶ በውስጥ ይዘረጋል። በጥሩ ሐኪም እጅ በሁለቱም መልካም ብርሃን ይገኛል።

«ምን ማየት ይፈልጋሉ?»

እኔ ይህን ሁሉ ከማወቄ በፊት አንድ ነገር ወስኜ ነበር፤ ውዱ ሌንስ ይግባላቸው የሚል። ዕቁቤ እንዲቀድምልኝ ለምኜ፣ የቀረውን ከአጎቴ ተበድሬ፣ አባቴን ይዤ አዲስ አበባ ወደሚገኝ አንድ ሆስፒታል ሄድሁ። አባቴን ግን አንድም ነገር አልጠየቅኋቸውም። ልጅነቴን የከፈሉልኝን ሰው በውድ ዋጋ መክፈል ለእኔ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ መስሎኝ ነበር።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ከመረመረቻቸው በኋላ ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው መናገር ጀመረች።

«አባባ፣ ስኳሩ የዓይንዎን የኋላ ግድግዳ ጥቂት ነካክቶታል። ስለዚህ ልጅዎ የሚለው ውዱ ሌንስ ለእርስዎ አይሆንም፤ ያለዎትን ብርሃን ያሳንስብዎታል። ለአንድ ርቀት የተስተካከለውን እናስገባለን። ለሩቅ ይሁን ወይስ ለቅርብ? ቀን በቀን ምን ይሠራሉ? ከሁሉ ይልቅ ምን ማየት ይፈልጋሉ?»

እኔ ፈጥኜ «ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ለቅርብ ይሁንላቸው» አልሁ። የመርፌዋ ቀዳዳ በፊቴ ነበረች።

አባቴ እጄን ያዝ አደረጉና ዝም አሰኙኝ። ከዚያም «ልጄ» አሏት ሐኪሟን፤ «መርፌውማ መነጽር አለው። ሃያ ዓመት በመነጽር ነው የሰፋሁት፤ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬው እውላለሁ። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ግን መነጽሬን አውጥቼ እስካደርግ አይጠብቀኝም። አንድ ወዳጄ ከለቅሶ ስንመለስ ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ ነሣኝ አሉ፤ እኔ ደግሞ ሳላየው አለፍሁት። ይኸው ዓመቱ፤ ንቆኛል ብሎ ተቀየመኝ። እኔም ዓይኔ አያይም ብዬ አልነገርሁትም። ለማያይ ልብስ ሰፊ ጨርቁን የሚሰጥ ማን አለ? ሩቁን አሳዪኝ፤ ሰው ሳይቀድመኝ ሰላም ልበል።»

እኔ ወለሉን አየሁ። በጎዳና ላይ ክር የሚያስገባላቸውን የሰው ልጅ ይጠሩ የነበሩት ነገሩ ወደ ቤት ወሬ ሆኖ እንዳይመለስ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። አባቴ ለአንድ ዓመት ያህል ሥራቸውን ለማትረፍ ሲሉ ወዳጃቸውን እያጡ ኖረዋል፤ እኔም በስልክ «ደኅና ነዎት?» እያልሁ እሳቸውም «ደኅና» እያሉኝ።

ከሕክምናው በፊትና በኋላ

ብዙ ሽማግሌዎች «ዓይን ወጥቶ ታጥቦ ይመለሳል» የሚል ወሬ ሰምተው ይፈራሉ። ዓይን ከቦታው አይነሣም። ማደንዘዣው ለዓይን ብቻ ነው፤ ታካሚው ነቅቶ ይተኛል፤ ሥራውም ችግር ካላጋጠመ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያልቃል። አብዛኛው ሰው በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሁለቱም ዓይን የታመመ እንደሆነ ብዙ ጊዜ በየተራ ይሠራል። «ሞራው ይብሰል» ብሎ መጠበቅም የድሮ ምክር ነው። ግርዶሹ ሥራን ማወክ ከጀመረ ጊዜው ደርሷል፤ እጅግ የጠጠረውን ማውጣት ይብሳል።

ከዚያ በኋላ የታዘዘውን ጠብታ በሰዓቱ ማድረግ፣ ዓይንን አለማሸት፣ ለጥቂት ሳምንታት ከአቧራና ከከባድ ሸክም መራቅ፣ ያልተጣራ ውሃም ወደ ዓይን እንዳይገባ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ዓይኑ ቢቀላ፣ ብርቱ ሕመም ቢጀምር ወይም ብርሃኑ በድንገት ቢቀንስ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መመለስ ነው፤ ማደር አይገባም። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ሌንሱ የተቀመጠባት ከረጢት ብትደፈርስ ደግሞ «ሞራው ተመለሰ» ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም፤ በሌዘር በጥቂት ደቂቃ ይጠረጋል። የሌንሱን ዓይነትና ኃይል የሚገልጸውን ወረቀት ከሌሎች ሰነዶች ጋር አስቀምጡ።

ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ ሐኪሙን እነዚህን ጠይቁ፤ ከሞራው ሌላ በዓይኑ ላይ ሕመም አለ ወይ? የሚገባው ሌንስ ለየትኛው ርቀት ይስተካከላል? ከዚያስ መነጽር ለምን ያስፈልጋል? የበለጠ ዋጋ የተጠየቀበት ሌንስ ለዚህ ሰው ምን ይጨምርለታል? ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በቤታችሁ ተቀምጣችሁ ሕመምተኛውን ራሱን ጠይቁት። ሐኪም የዓይንን ርዝመት በመሣሪያ ይለካዋል፤ ሰው በዓይኑ ምን ሊያይ እንደሚናፍቅ ግን የሚለካ መሣሪያ የለም።

የአባቴ ዓይን በተፈታ በሁለተኛው ሳምንት ወደ ደብረ ብርሃን ሄድሁ። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። አባቴ በመኪናቸው ላይ አጎንብሰው ሳለ ቀና አሉና ከመንገዱ ማዶ አተኩረው ተመለከቱ። ከዚያም ተነሥተው ባርኔጣቸውን አወለቁና የእህል ነጋዴውን በስሙ ጠሩት። ሰውየው ቆመ። ግራና ቀኙን አይቶ፣ የተጠራው እሱ መሆኑን ሲያረጋግጥ፣ መንገዱን ተሻገረ። ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ ብዙ ተጠያየቁ፤ ስለ ኩርፊያው ግን አንድም ቃል አልተነሣም።

ሰውየው ከሄደ በኋላ አባቴ ተቀመጡ። በአንገታቸው የተንጠለጠለውን መነጽር ወደ ዓይናቸው ከፍ አደረጉ፤ የክሩንም ጫፍ በምራቃቸው አርጥበው በመርፌዋ ቀዳዳ አሳለፉት።